ስሜቱ ያልፋል፤ ስሙ ይቀራል

ቅዳሜ የአምቦ ገበያ ቀን ነው። ከጉደርና ከዙሪያው ቀበሌዎች ሰው ወደ ከተማዋ ይጎርፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እንዲህ ባለ ቅዳሜ የተከታታይ ትምህርት ተማሪዎቼን ስለ ድምፅ ሞገድ እፈትን ነበር። ፈተናው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሆነው አንዲት የጭነት መኪና ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎችን ጭና ከመስኮታችን ሥር ቆመች። ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፤ አንድ ወጣት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እያፈራረቀ የአንድ ብስኩት ስም ይጠራል፤ ዘፈኑ ያልቅና እንደገና ይጀምራል። ተማሪዎቹ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ተመለከቱኝ። መስኮቱን ዘጋሁት፤ ለውጥ አላመጣም። በዚያች ሰዓት ያንን ብስኩት ዕድሜ ልኬን ላልገዛ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ወራት አለፉ። አንድ ምሽት ወደ ቤቴ ስመለስ ለልጄ ብስኩት ልገዛ ከአንድ ሱቅ ጎራ አልሁ። በመደርደሪያው ላይ አምስት ስድስት ዓይነት ተደርድሯል። ባለሱቁ «መምህር፣ የቱን ልስጥዎ?» አለኝ። አፌ እኔን ሳያማክር አንድ ስም ጠራ። የጠራው ያንኑ ነበር። የዚያች መኪና ነገር ትዝ ያለኝ ልጄ ብስኩቱን በልታ ከጨረሰች በኋላ ነው። የብስኩቱን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ምክንያቱን አንባቢ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ይረዳልኛል።

ለመሆኑ ምን ነክቶኝ ነው? የሚያበሳጭ ማስታወቂያ ምርቱን ያስጠላናል ወይስ ያስለምደናል? የሚያስደስተውስ ምርቱን በእርግጥ ያስወድደናል? ጥያቄው የነጋዴዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከጆሮ ፊዚክስ ተነሥቶ እስከ አንጎል አሠራር የሚዘልቅ የሳይንስ ጥያቄ ነው። ሬይመንድ ባወርና ስቴፈን ግሬይሰር የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካውያን ሸማቾች በየዕለቱ ልብ ያሏቸውን ማስታወቂያዎች በአራት ክፍል እንዲመድቡ አድርገው ነበር፤ የሚያስደስት፣ ዕውቀት የሚሰጥ፣ የሚያበሳጭና የሚያስቀይም በማለት። እኛም ምድቡን ይዘን ከሚያበሳጨው እንጀምር።

ጩኸት ሲለካ

የሰው ጆሮ ድምፅን የሚቀበለው እንደ ሜዳ ሚዛን አይደለም። ይህን በቁጥር ለመግለጽ ከጣሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ጉስታቭ ፌክነር ነው። ፌክነር በጀርመን አገር በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ የምንሰማው ስሜት ከማነቃቂያው መጠን ጋር እኩል እንደማያድግ፣ ይልቁንም የማነቃቂያውን ሎጋሪዝም እንደሚከተል አስረዳ። ዛሬ ድምፅን የምንለካበት ዴሲቤልም የሎጋሪዝም መለኪያ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ባለ ሞንታርቦዎችን ሊያሳዝን ይችላል። የድምፅ ማጉያው ኃይል በእጥፍ ቢጨመር የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህንንም ጆሮ የሚለየው ልብ ብሎ ሲያዳምጥ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት፤ ይህም ኃይሉን በአሥር እጥፍ ማሳደግ ማለት ነው። በሌላ በኩል ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ10 ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በ20 ሜትር 84፣ በ40 ሜትር 78 ይሆናል። በአንድ ሜትር ርቀት የምንሰማው የተለመደ ንግግር ግን 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ አርባ ሜትር የራቀ ሞንታርቦ እንኳ አጠገባችን የቆመውን መምህር በቀላሉ ይውጠዋል።

በቴሌቪዥንስ ማስታወቂያው ከድራማው ይልቅ የሚጮኽብን ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ጣቢያው ድምፁን ሆን ብሎ ከፍ ያደርገዋል ብሎ ያስባል። ብዙውን ጊዜ ግን የሁለቱም ከፍተኛ ጫፍ እኩል ነው። በድራማ ውስጥ ሹክሹክታ አለ፣ ዝምታ አለ፣ አልፎ አልፎም ጩኸት አለ። በማስታወቂያ ውስጥ ግን ዝቅተኛው ድምፅ ሁሉ ወደ ላይ ተገፍቶ ከከፍተኛው ጋር እንዲጠጋ ይደረጋል። ጫፉ ሳይነካ አማካዩ ያድጋል፤ ጆሯችን ደግሞ ጩኸትን የሚመዝነው ከጫፉ ይልቅ በአማካዩ ነው። በዚህ ላይ ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ባለው ክልል ስለሆነ፣ ድምፁን በዚያ ክልል ያበረታ ሰው በትንሽ ኃይል ብዙ ያስጮኻል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይህን አማካይ ጩኸት ለመለካት የሚያስችል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። አሜሪካም የማስታወቂያ ድምፅ ከሚያጅበው ዝግጅት በልጦ እንዳይጮኽ የሚከለክል ሕግ በ2010 አጽድቃ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ተግባራዊ አደረገች።

ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

ይሁን እንጂ ብስጭት የዴሲቤል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሠርግ ቤት ማንም አይጨፍርም ነበር። በሠርግ ላይ የሚሰማው ድምፅ ከዚያች መኪና ድምፅ አያንስም። ልዩነቱን ለማየት ዴቪድ ግላስና ጀሮም ሲንገር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ ያቀረቧቸውን ሙከራዎች መመልከት ይበጃል።

ተመራማሪዎቹ ሰዎችን ድንገት የሚመጣ ከባድ ጩኸት አሰሟቸው። ለከፊሎቹ ጩኸቱን ማስቆም የሚችል አንድ ቁልፍ ሰጧቸው፤ ካልጨነቃችሁ ግን አትንኩት አሏቸው። ለሌሎቹ ቁልፍ አልሰጡም። ቁልፍ ከተሰጣቸው መካከል አብዛኞቹ አልነኩትም። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የሰሙት ጩኸት አንድ ነው። ጩኸቱ ካበቃ በኋላ ግን የጽሑፍ ስሕተት እንዲያርሙና አስቸጋሪ እንቆቅልሽ እንዲሞክሩ ሲደረግ፣ ቁልፉ በእጃቸው የነበረው ሰዎች የተሻለ ሠሩ፤ ቶሎም ተስፋ አልቆረጡም። ይበልጥ የሚያደክመን ጩኸቱ ሳይሆን ማስቆም አለመቻላችን ነው ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የከተማችን ስም የተጻፈበትን ጠርሙስ መክፈት ይበቃል። በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠርሙሱ እንደታሸገ ጋዙ በግፊት ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ይኖራል፤ ቆርኪው ሲከፈት ግፊቱ ይቀንስና ጋዙ ይወጣል። ይህ እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 የገለጸው ሕግ ነው። ምላሳችንን የሚወጋን ግን የአረፋው መፈንዳት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች አረፋ ሊፈጠር በማይችልበት ከፍተኛ የአየር ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ መጠጥ ለሰዎች አጠጥተው ነበር፤ መውጋቱ አልቀረም። ጋዙ በአፋችን ውስጥ ወደ ካርቦኒክ አሲድነት ይለወጥና ሕመም የሚሰማቸውን ነርቮች ይነካካል። በአጭሩ አምቦ ውሃ ስንጠጣ የምንጠጣው ትንሽ ሕመም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሕፃን ፊቱን ሲያጨማድድ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ያ ሕመም ለአዋቂው እንዴት ደስታ ሆነ? ጠርሙሱን የሚያነሣው ራሱ ነው፤ ሲበቃውም ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ያ ውጋት የሚመጣው ከጥሬ ሥጋና ከክትፎ በኋላ፣ ከወዳጅ ጋር፣ በበዓል ቀን መሆኑ ነው። ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ምክንያት እንለፍ።

ደስታ ሲተላለፍ

የማስታወቂያ ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ነገር ደጋግመው ሲመረምሩ ቆይተዋል። ይኸውም ሰው ለማስታወቂያው ያለው ስሜት ለምርቱ ወደሚኖረው ስሜት ይሻገራል የሚለው ነው። ከእነዚህ ጥናቶች በጣም የሚታወቀው ጄራልድ ጎርን እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ነው። ጎርን ለተማሪዎች የአንድ እስክሪብቶ ሥዕል አሳየ። ለከፊሎቹ ሥዕሉ ሲታይ የሚወዱትን ሙዚቃ፣ ለሌሎቹ የማይወዱትን አሰማ። ከዚያ ሰማያዊና ፈዛዛ ቡናማ እስክሪብቶ አቅርቦ አንዱን መርጠው እንዲወስዱ ነገራቸው። የሚወዱትን ሙዚቃ ከሰሙት 79 በመቶ የሚሆኑት በሥዕሉ የታየውን ቀለም መረጡ፤ የማይወዱትን ከሰሙት ግን ይህን ያደረጉት 30 በመቶ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ አስፈሪ በሆነ ነበር። ነገር ግን ጎርን ሁለተኛ ሙከራም አደረገ። አንዳንዶቹን ተማሪዎች አስቀድሞ «ምርጫ ትመርጣላችሁ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። እነዚህ ሙዚቃውን ትተው ስለ እስክሪብቶው ጥራት የተነገረውን ተከተሉ። ከዓመታት በኋላ ሙከራውን የደገሙ ተመራማሪዎችም የሙዚቃውን ኃይል ያን ያህል ጎልቶ አላገኙትም። በሳይንስ አንድ ውጤት ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ሕግ አይሆንም። ከሁሉም የምንወስደው ግን አለ፤ ደስታ ይበልጥ የሚመራን ለመምረጥ ሳንዘጋጅና ነገሩን ቀላል አድርገን ስናየው ነው። በዚያ ምሽት በሱቁ በር ላይ የቆምሁት እኔም እንዲሁ ነበርሁ።

የአምቦ ውሃን ነገር ደግሞ በዚህ ዓይን እንየው። ኩባንያው ጅማሬውን እ.ኤ.አ. ከ1930 ይቆጥራል። በምግብ ቤት ብዙ ሰው የሌላ ፋብሪካ ጋዝ ያለው ውሃ ቢቀርብለት እንኳ «አምቦ» ብሎ ነው የሚያዘው። የታሸገን ውሃ ሁሉ «ሃይላንድ»፣ ትልቁን ድምፅ ማጉያ ሁሉ በጣሊያኑ ፋብሪካ ስም «ሞንታርቦ» እንደምንለው ማለት ነው። አንድ ስም የዕቃው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ሲለመድ፣ ከጀርባው የብዙ ዓመታት ማዕድና ጨዋታ አብሮት ይነሣል። ይህን ያህል የሚያስደስት ማስታወቂያ ማንም በአንድ ደቂቃ ሊሠራ አይችልም።

የድግግሞሽ ኃይል

እንግዲህ ማዕድ በሌለበት፣ ደስታም በሌለበት፣ ብስጭት ብቻ ባለበት ያ የብስኩት ስም ለምን በአፌ መጣ? መልሱን በከፊል የሚሰጠን በሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሮበርት ዛያንትስ ነው። እርሱና ባልደረባው ራየኪ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ሙከራ ለተማሪ አንባቢ ሁሉ የሚጥም ነው። በሁለት የሚሽጋን ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ጋዜጦች ላይ ለ25 ቀናት ትርጉማቸው የማይታወቅ፣ ቱርክኛ የሚመስሉ ቃላት እንደ ማስታወቂያ በሣጥን ውስጥ ታተሙ። ማብራሪያ አልነበራቸውም፤ የሚሸጥም ነገር የለም። አንዱ ቃል አንድ ቀን፣ ሌላው ሁለት፣ ሌሎቹ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ቀን ወጡ። በኋላ ተማሪዎቹ እያንዳንዱ ቃል «ጥሩ» ነገርን ያመለክት እንደሆነ ወይም «መጥፎ» እንዲገምቱ ተጠየቁ። ደጋግሞ የታተመው ቃል የተሻለ ነገር መሰላቸው። መተዋወቅ ብቻውን በጎነት መስሎ ታየ።

ከዚህ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1951 ካርል ሆቭላንድና ዋልተር ዋይስ ሌላ ነገር አሳይተው ነበር። ሰዎች ከማያምኑት ምንጭ የሰሙትን ሐሳብ መጀመሪያ ይገፉታል። ከአራት ሳምንት በኋላ ግን ሐሳቡ ከማን እንደመጣ ስለሚደበዝዝባቸው ከታመነ ምንጭ ከመጣው ጋር እኩል ይቀበሉታል። ይህ ውጤት በሁሉም ሁኔታ ባይታይም ለእኔ የብስኩት ታሪክ ጥሩ መብራት ነው።

የፊዚክስ መምህር ስለሆንሁ ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች በአንድ ዕቃ ተቀምጠዋል እንበል። የአንዱ ግማሽ ዕድሜ ሳምንት ነው፤ የሌላው ዓመት ነው። መጀመሪያ የምናየው ጨረር በአብዛኛው የፊተኛው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የፊተኛው ተሟጥጦ የኋለኛው ብቻውን ይቀራል። ብስጭትም ስምም በአንድ ቀን ወደ አእምሮዬ ገቡ። የብስጭቱ ግማሽ ዕድሜ አጭር ነበረ፤ የስሙ ግን ረጅም።

ይህ ማለት ታዲያ ማበሳጨት ያዋጣል ማለት ነው? አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. ዳንኤል በርላይን እንዳሳየው ድግግሞሽ መውደድን የሚያሳድገው እስከ አንድ ወሰን ነው፤ ከዚያ በኋላ መሰልቸት ይመጣና ኩርባው ይወርዳል። ደግሞም ሰው የሚገዛው ብስጭቱ ሳይበርድለት ከሆነ እጁን ወደ ሌላው ይሰድዳል። በዚያች ቅዳሜ ከፈተናው ወጥቼ ሱቅ ብሄድ ኖሮ ያንን ብስኩት አልገዛም ነበር።

ስም የሚያመጣው ማስታወቂያ ቢቆም እንኳ ስሙ አብሮ አይቆምም። በአገራችን ስለ ማስታወቂያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ ተደርጓል። ሆኖም ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን ይመለከት የነበረ ሰው የቢራ መዝሙሮችን ዛሬም ያንጎራጉራል። ከአምቦ በስተ ምዕራብ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ጉደርን ያላየ ብዙ ሰው ስሟን በወይን ጠርሙስ ላይ አንብቦ ያውቃታል።

ስምንት ብርጭቆዎች

አንባቢ «አምቦ ውሃን ግን የምወደው በስሙ ሳይሆን በጣዕሙ ነው» ሊል ይችላል። ምናልባት እውነት ነው። ነገር ግን በሂዩስተን ከተማ በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ያስጠነቅቀናል። ሰዎች ኮካ ኮላንና ፔፕሲን ስማቸው ሳይነገራቸው ሲቀምሱ ምርጫቸው ለሁለት እኩል ተከፈለ። አንደኛው ብርጭቆ ኮካ ኮላ መሆኑ ሲነገራቸው ግን ምርጫቸው ወደዚያው አጋደለ፤ በአንጎላቸው ውስጥም ከትዝታ ጋር የተያያዙ ክፍሎች ተነቃቁ። ሰዎቹ አልዋሹም። ስሙ በእርግጥ ጣዕሙን ለውጦባቸዋል።

ስለዚህ እንሞክረው። ዘዴውን ያቀረበው እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ሻይና ወተት የትኛው ቀድሞ እንደተቀዳ ቀምሼ እለያለሁ ስላለች ሴት ጽፏል። አንድ ዓይነት ስምንት ብርጭቆዎች አዘጋጁ። በአራቱ አምቦ ውሃ፣ በአራቱ ሌላ ጋዝ ያለው ውሃ ቅዱ። ሁለቱም ጠርሙሶች እኩል የቀዘቀዙና በአንድ ጊዜ የተከፈቱ ይሁኑ፤ የሞቀ ውሃ ጋዙን ቶሎ ያጣልና። ቀጂው ከቀማሹ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይሁን፤ ብርጭቆዎቹም በዕጣ ይደርደሩ። ቀማሹ አምቦ የሆኑትን አራቱን ይምረጥ።

ከስምንት አራት የሚመረጥባቸው መንገዶች 70 ናቸው። አራቱንም በግምት ብቻ የማግኘት ዕድል ከ70 አንድ፣ ማለትም 1.4 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ያገኘ ሰው ልዩነቱን ይቀምሳል ብንል አናፍርም። ሦስቱን ብቻ ያገኘ ግን ገና አላሳመነንም፤ በግምት ብቻ ሦስት ወይም አራት የማግኘት ዕድል ከ70 አሥራ ሰባት፣ 24 በመቶ ገደማ ነውና። አራቱንም የለየ ሰው ደግሞ ለይቷል እንጂ የትኛው እንደሚሻል አልነገረንም። የትኛውን እንደሚወድ ስሙ ከመገለጡ በፊት ይጻፍ፤ ከተገለጠ በኋላ ይጠየቅና መልሶቹ ይነጻጸሩ። በሁለቱ መልሶች መካከል የሚታየው ልዩነት የስሙ ድርሻ ነው።

የብስኩት ምርጫ ብንሳሳትበትም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን የምንማርበትን ኮሌጅ፣ የምንወስደውን መድኃኒት፣ ገንዘባችንን የምናስቀምጥበትን ባንክ ስንመርጥም የሚሠራው ይኸው አእምሮ ነው። ደጋግመን የሰማነው ስም ቀድሞ ወደ አፋችን ይመጣል፤ ቀድሞ የመጣውንም የተሻለ አድርገን እናየዋለን። የጎርን ሁለተኛ ሙከራ እንዳሳየን መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመምረጣችን በፊት እየመረጥን መሆናችንን ማወቅ። «ይህን ስም ከየት አወቅሁት? ከራሴ ልምድ ነው ወይስ ከድምፅ ማጉያ?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ትንፋሽ የበለጠ ጊዜ አይወስድም።

በዚያች ቅዳሜ መኪናዋ እስክትሄድ የባከነውን ጊዜ ለተማሪዎቼ ጨመርሁላቸው። የብስኩቱን ስም ያልጻፍሁትም ለዚሁ ነው። አንባቢ ስሙን በብስጭት መካከል ቢያነብበውም፣ ብስጭቱ ሲያልፍ ስሙ ይቀርበት ነበር። ከሱቅ በር ላይ ቆሞ «የቱን ልስጥዎ?» ሲባል ያንን ስም እንዲጠራ እኔ ምክንያት መሆን አልፈለግሁም።